ያውቁ ኖሯል? በአንድ ራኬት ሁለት ዓይነት ክር

ያውቁ ኖሯል? ከዓለም ታላላቅ የቴኒስ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ራኬታቸውን በአንድ ዓይነት ክር አያስወጥሩም። ቁሙ ሌላ፣ አግድሙ ሌላ ነው፤ አንዱ ከላም አንጀት የተገመደ፣ ሌላው ከፋብሪካ የወጣ ፖሊስተር። ተጫዋቾች ይህን «ሃይብሪድ» ይሉታል። በእስራኤል በነሸርም ይሁን በሃይፋ፣ በአዲስ አበባም ይሁን በባሕር ዳር፣ ቴኒስ ለሚጫወትም ሆነ ልጁን ለሚያስተምር ሰው ከራኬቱ ስምና ቀለም ይልቅ ክሩ ሊያሳስበው ይገባል ባይ ነኝ። ኳሷን የሚነካት ክሩ ብቻ ነውና። በዚህ ዓምድ ከእጀታው ወደ ራኬቱ አናት የሚሄዱትን ክሮች ድር፣ እነሱን አቋርጠው የሚያልፉትን ማግ እንላቸዋለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

◆ በብዙ ራኬቶች ላይ 16 ድርና 19 ማግ አለ። ክር ከክር 304 ቦታ ላይ ይገናኛል ማለት ነው። 18 በ20 በሆኑት ላይ ደግሞ መገናኛው 360 ይደርሳል። ሁለት ዓይነት ክር ሲዋሃድ ጥቅሙም ጉዳቱም የሚታየው በእነዚህ መገናኛዎች ላይ ነው።

◆ የመጀመሪያው የቴኒስ ክር አንጀት ነበር። ብሪታንያዊው ሻለቃ ዋልተር ዊንግፊልድ የሜዳ ቴኒስን በስሙ ያስመዘገበው በ1874 ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1875፣ ፈረንሳዊው ፒየር ባቦላት በሊዮን ከተማ ከአንጀት የራኬት ክር ሠራ። የባቦላት ሰዎች ለሙዚቃ መሣሪያና ለቀዶ ሕክምና ስፌት የሚሆን የአንጀት ክር ማዘጋጀቱን ያውቁበት ነበር። ለእኛም ሙያው እንግዳ አይደለም፤ የበገና አሥሩ አውታሮች በባህሉ ከበግ አንጀት የተገመዱ ናቸው። በሊዮንም በጎንደርም አንጀት የተመረጠበት ምክንያት አንድ ነው። ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲለቁት በፍጥነት ወደ ቦታው ይመለሳል፣ እርጅናውም ዝግ ያለ ነው።

◆ የራኬት ክር ከበግ አንጀት ወደ ላም አንጀት የተሻገረው ቆይቶ ነው። ዛሬ ለአንድ ራኬት የሚሆን ሙሉ የአንጀት ክር ለመሥራት የሦስት ወይም የአራት ላሞች አንጀት እንደሚያስፈልግ የሙያው ሰዎች ይናገራሉ። የሚፈለገው የአንጀቱ ውጫዊ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ሽፋኑ በጠባብ ጥብጣብ ይቀደዳል፣ ይታጠባል፣ አንድ ላይ ተገምዶ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ተሞርዶ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም እርጥበት እንዳይገባው ይቀባል። ዋጋው ለምን ከፖሊስተር በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ከዚህ ይረዱታል።

◆ ናይለን ከ1930ዎቹ የዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ የወጣ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ራኬት ገባና ቴኒስን ለብዙ ሰው ኪስ የሚሆን ጨዋታ አደረገው። ክራራችንም በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ ጅማቱን ትቶ ዛሬ አብዛኛው በናይለን ወይም በሽቦ ይቃኛል።

◆ የጥይት መከላከያ ሰደርያ የሚሠራበት ኬቭላርም ቴኒስ ተጫውቷል። በ1965 ስቴፋኒ ክዎሌክ የተባለች የዱፖንት ኬሚስት ያገኘችው ይህ ክር ቶሎ አይበጠስም፤ ነገር ግን ድርቅ ያለ ነው። ሙሉ ራኬት በኬቭላር ቢወጠር ክንድ አይችለውም። ስለዚህ ኬቭላሩን በድሩ፣ ለስላሳ ናይለን በማጉ ማድረግ ተጀመረ። አንድሬ አጋሲ በ1990ዎቹ በኬቭላር ከተጫወቱት ዝነኞች አንዱ ነበር። ክር ማዋሃድ በአማተሮች ዘንድ የተስፋፋው እንግዲህ ለመራቀቅ ተብሎ አይደለም። ክር እየበጠሱ የተቸገሩ ሰዎች ያገኙት መፍትሔ ነው።

◆ ከዚያ ፖሊስተር መጣ። በ1997 በዓለም 66ኛ ደረጃ ላይ የነበረው ብራዚላዊ ጉስታቮ ኩዌርተን ሉክሲሎን በተባለ የቤልጂየም ኩባንያ የፖሊስተር ክር በተወጠረ ራኬት የፈረንሳይ ኦፕንን አሸነፈ። በፍጻሜው የረታው ያን ውድድር ሁለት ጊዜ ያሸነፈውን ስፔናዊ ሰርጂ ብሩጌራን ነው። ያን ጊዜ ይህን ክር የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን የወንዶቹን የመልበሻ ክፍል ሞላው። አጋሲም በ2002 ወደ ፖሊስተር ዞሮ በዚያው ዓመት የሮምን ውድድር ወሰደ። በሕይወት ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ስለዚህ ክር የጻፈውን ያነበበ ሰው፣ አንድ ክር የአንድን ተጫዋች ሥራ ምን ያህል እንደሚለውጥ ይገባዋል።

◆ ፖሊስተር ይህን ያህል የተወደደው ለምንድን ነው? መልሱ ከኳሷ ሽክርክሪት ጋር የተያያዘ ነው። ተጫዋቹ ኳሷን ከሥር ወደ ላይ እየቦረሸ ሲመታት ድሮቹ ከኳሷ ጋር ወደ ጎን ይንሸራተታሉ። ከዚያ ኳሷ ሳትለቅ በቅጽበት ወደ ቦታቸው ይስፈነጠራሉ። ይህ መስፈንጠር ኳሷን ያሾራታል፤ የሾረች ኳስ ደግሞ መረቡን በከፍታ አልፋ ሜዳው ውስጥ ትወድቃለች። በአውስትራሊያ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ሮድ ክሮስና የሥራ ባልደረባው ክሮፎርድ ሊንድሴ ይህን በብዙ ልኬት አጥንተውታል። ያገኙትም በድርና በማግ መካከል ያለው ሰበቃ ባነሰ ቁጥር ድሩ በቀላሉ ተንሸራቶ እንደሚመለስ ነው። ፖሊስተር ልሙጥና አንሸራታች ነው። ናይለን ግን ወደ ጎን ከሄደ እዚያው ይቀራል፤ በየነጥቡ መካከል ክራቸውን በጣት ሲያስተካክሉ የሚያዩአቸው ተጫዋቾች የሚያደርጉት ይህን ነው።

◆ ኳስ በክር ላይ የምትቆየው ለ4 ወይም ለ5 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ክሩ ከተቀበለው ጉልበት ከ90 በመቶ በላይ ይመልሳል። ኳሷ ግን አባካኝ ናት። በሕጉ መሠረት ከ254 ሴንቲሜትር ከፍታ ስትለቀቅ ነጥራ መድረስ ያለባት ከ135 እስከ 147 ሴንቲሜትር ነው፤ ግማሽ ያህሉን ጉልበት ታጠፋለች ማለት ነው። ስለዚህ ክሩ ላላ ሲል ኳሷ ትንሽ ትጨፈለቃለች፣ ጉልበቷም ይተርፋል፣ ሩቅ ትሄዳለች። ክሩ ሲጠብቅ ነገሩ ይገለበጣል። ብዙ ሰው ጠበቅ ያለ ክር ኃይል ይሰጣል ብሎ ያምናል፤ እውነቱ ተቃራኒው ነው።

◆ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። 20 ግራንድ ስላም ያሸነፈው ሮጀር ፌደረር ለረጅም ዘመን የተጫወተው ድሩን በዊልሰን አንጀት፣ ማጉን በሉክሲሎን አሉ ፓወር ራፍ ፖሊስተር አድርጎ ነው። ኖቫክ ጆኮቪችም አንጀት በድር፣ ፖሊስተር በማግ አድርጎ ተጫውቷል። ሰሪና ዊሊያምስም ወደ ኋላ ላይ አንጀቷን በድር፣ ፖሊስተሩን በማግ አደረገች። አንዲ መሪ ግን ገለበጠው፤ ፖሊስተሩን በድር፣ አንጀቱን በማግ። ራፋኤል ናዳል ደግሞ ማዋሃዱን ትቶ በሙሉ ፖሊስተር 14 ጊዜ የፈረንሳይ ኦፕንን ወሰደ። አንድ ትክክለኛ መንገድ አለ የሚል ሰው ካጋጠመዎ እነዚህን አምስት ስሞች ይጥቀሱለት።

◆ አንጀት በድር ሲሆንና በማግ ሲሆን ልዩነቱ ምንድን ነው? የራኬቱን ጠባይ በዋናነት የሚወስነው ድሩ ነው። የሚንሸራተተውም፣ የመጀመሪያውን ምት የሚሸከመውም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰውም እሱ ነው። አንጀት በድሩ ሲሆን ራኬቱ ምቾትና ኃይል ያገኛል፤ በማጉ ያለው አንሸራታች ፖሊስተር ደግሞ አንጀቱ ወደ ጎን ሄዶ እንዲመለስ መንገድ ይከፍትለታል፣ ኳሷም ከልክ በላይ እንዳትበር ይገታል። ፖሊስተር በድሩ ሲሆን ሽክርክሪትና ቁጥጥር ይገኛል፣ አንጀቱ ወይም ናይለኑ ከማጉ ሆኖ የፖሊስተሩን ድርቀት ያለዝበዋል። ምርጫ ካለዎና ክንድዎ ከሽክርክሪቱ የሚበልጥብዎ ከሆነ የመጀመሪያውን ይያዙ።

◆ የማጉ ፖሊስተር ክብና ልስልስ ቢሆን ይመረጣል። በገበያ ላይ ለሽክርክሪት ተብለው ባለ አምስት፣ ባለ ስድስትና ባለ ስምንት ማዕዘን የተሠሩ ክሮች አሉ። እነዚህን ከአንጀት ድር ጋር ያዋሃደ ሰው ውድ አንጀቱን በራሱ ገንዘብ በገዛው መጋዝ ያስቆርጣል።

◆ ራኬትዎን አሁን ካለበት ያንሱና መሐል ላይ ያሉትን ክሮች በቅርብ ይመልከቱ። ድሩን በጣትዎ ትንሽ ወደ ጎን ገፋ አድርገው ማጉ ሲያርፍበት የነበረውን ቦታ ያጋልጡ። ፖሊስተር ከሆነ በጥፍር የሚሰማ ጎድጎድ ያለ ቁርጥ ያገኛሉ። አንጀት ከሆነ ልክ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ተነቃቅለው ቆመው ይታያሉ። ጭረቶቹ ጥቂት ከሆኑ አይደንግጡ፤ አንጀት እየተላጠም ብዙ ይጫወታል። ቁርጡ የክሩን ግማሽ ከበላው ግን ለጨዋታ ሳይሆን ለወጣሪው ይውሰዱት። አሁን ጣትዎን ይልቀቁት። ድሩ በራሱ ቀጥ ብሎ ተመለሰ? እንግዲያው ገና ሕይወት አለው። እዚያው ተጣሞ ከቀረና ክሩ ፖሊስተር ከሆነ፣ ባይበጠስም ሞቷል።

◆ ፌደረር ይህን ቁርጥ ለመከላከል በመገናኛዎቹ መካከል የሩዝ ፍሬ የማያክሉ ጥቃቅን ፕላስቲኮችን ያስገባ ነበር። ድርና ማግ በቀጥታ እንዳይፋተጉ ያደርጋሉ። ዋጋቸው ርካሽ ነው፤ አንጀት የሚወጥር ሰው ሁሉ ቢያውቃቸው መልካም ነው።

◆ ሕጉስ ምን ይላል? በአንድ ራኬት ሁለት ዓይነት ክር መጠቀም ፍጹም የተፈቀደ ነው። የዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ሕግ የሚጠይቀው ክሮቹ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከሥር እየተባለ እንዲጠላለፉ፣ ወይም በመገናኛቸው ላይ እንዲያያዙ፣ ገጹ ጠፍጣፋ እንዲሆንና የአወጣጠሩ ጥለት በጥቅሉ ወጥ ሆኖ መሐሉ ከዳሩ እንዳይሳሳ ነው። ራኬቱ ራሱ ከ73.7 ሴንቲሜትር መርዘም፣ ከ31.7 ሴንቲሜትር መስፋት የለበትም።

◆ ይህ ሕግ የተጻፈው በአንድ ራኬት ምክንያት መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? እስከ 1978 ድረስ የቴኒስ ሕግ ራኬት ምን እንደሆነ አይናገርም ነበር። ጀርመናዊው ቨርነር ፊሸር የድሩን ክሮች ሁለት ረድፍ አድርጎ፣ ከማጉ ጋር ሳይጠላለፉ በላዩና በሥሩ አስቀምጦ፣ በፕላስቲክ ቱቦዎች ያያያዘበት ራኬት ሠራ። ዓለም «ስፓጌቲ ራኬት» አለው። ድሮቹ ከማጉ ጋር ስላልተጠላለፉ እንደልባቸው ይንሸራተታሉ፤ ኳሷ እንደ እብድ ትሾራለች። በ1977 የአሜሪካ ኦፕን ላይ እምብዛም የማይታወቀው ማይክ ፊሽባክ በዚህ ዓይነት ራኬት ታላቁን ስታን ስሚዝን አሸነፈ። በዚያው ዓመት መስከረም መገባደጃና ጥቅምት መግቢያ ላይ ደግሞ በፈረንሳይዋ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ከተማ ሩማንያዊው ኢሊ ናስታሴ ስፓጌቲውን ይዞ አርጀንቲናዊውን ጊዬርሞ ቪላስን ገጠመው። ቪላስ ሁለት «ሴት» (የጨዋታ ክፍል) ከተሸነፈ በኋላ ጨዋታውን አቋርጦ ወጣ። በሸክላ ሜዳ ላይ በተከታታይ 53 ጨዋታ ያሸነፈበት ጉዞ በዚህ ተቋረጠ። ክብረ ወሰኑን ናዳል በ2006 እስኪሰብረው ድረስ ወደ ሠላሳ ዓመት ቆየ። ፌዴሬሽኑ ራኬቱን ወዲያው አገደ፣ በቀጣዩ ዓመትም መጠላለፍን በሕግ ደነገገ። በእኔ ግምት ዛሬ ፖሊስተር የሚሰጠው ሽክርክሪት የዚያን ራኬት ሥራ በሕጋዊ መንገድ የሚሠራ ነው፤ ሁለቱም የሚያተርፉት ከድሩ መንሸራተት ነውና።

◆ ነሸር ከሃይፋ ደቡብ ምሥራቅ በቀርሜሎስ ተራራ ተዳፋት ላይ ስላለች የሜዲትራኒያን ባሕር እርጥበት በበጋ አይለቃትም። ይህ ደግሞ በቀጥታ ክርዎን ይመለከታል። አንጀት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ይላላል፣ ጭረቱ ይፈታል። የክረምቱ ዝናብ ካረጠበው ሜዳ ላይ የተነሳች ኳስ አንጀትን በአንድ ቀን ልታበላሸው ትችላለች። በሃይፋ ዙሪያ የሚጫወት ሰው አንጀት ካለው ራኬቱን በሚዘጋ ከረጢት ይያዝ፣ ሜዳው እርጥብ ሲሆን ደግሞ ሌላ ራኬት ያውጣ።

◆ የመኪና ሙቀት ከዝናቡ አይተናነስም። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ራኬት፣ ክሩ ምንም ዓይነት ይሁን፣ ላልቶ ያገኙታል። የላላው ክር ሲቀዘቅዝ ተመልሶ አይጠብቅም። ሻራቭ የተባለው ሞቃት ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ኳሷም ከወትሮው ይበልጥ ትነጥራለች፤ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ለእንዲህ ዓይነት ቀን ግማሽ ወይም አንድ ኪሎ ጠበቅ ያለ ራኬት ያዘጋጃሉ።

◆ አዲስ አበባ ሌላ ዓለም ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ከሃይፋ ወደብ አየር በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ኳሷን አይዛትም፤ በሃይፋ መስመሩ ላይ የምታርፍ ምት በአዲስ አበባ ከሜዳ ትወጣለች። ሽክርክሪቱም አየሩን ስለማይጨብጥ ኳሷን ቶሎ አያወርዳትም። የዓለም አቀፉ ሕግ ራሱ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረጉ ጨዋታዎች የተለዩ ኳሶችን ይፈቅዳል። በክር በኩል መድኃኒቱ ጠበቅ ማድረግና ፖሊስተሩን ማብዛት ነው። ሙሉ አንጀት በአዲስ አበባ ለጀማሪ የማይገራ ፈረስ ነው፤ ፖሊስተር በድር፣ ናይለን በማግ ግን በልክ ይታዘዛል። ከአዲስ አበባ መጥቶ በሃይፋ የሚጫወት ሰው በበኩሉ ኳሱ ሁሉ መረብ ላይ ቢቀርበት ክንዱን አይውቀስ። ክሩን አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ያስላላ።

◆ ታሪኩና ደስታ ተስፋዬ የተባሉት ወንድማማቾች በአዲስ አበባ ኳስ አቀባይ ሆነው ቴኒስን ያወቁ፣ በኋላም አቅም የሌላቸውን ልጆች በቴኒስና በትምህርት የሚያሳድግ ፕሮግራም ያቋቋሙ ናቸው። በኢትዮጵያ ራኬትም ሆነ ክር ከውጭ የሚገባ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ክር ማዋሃድ የቅንጦት ጉዳይ አይሆንም። ከሁለት የተለያዩ ጥቅሎች የተረፈ ቁራጭ አንድ ሙሉ ራኬት ይወጥራል።

◆ ሂሳቡን እናስላው። አንድ ራኬት 12 ሜትር ያህል ክር ይፈልጋል። ግማሹ ለድር፣ ግማሹ ለማግ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሙሉ የአንጀት እሽግ ለሁለት ተቆርጦ የሁለት ራኬቶችን ድር ይሸፍናል፤ የአንጀቱ ወጪ በግማሽ ወረደ ማለት ነው። 200 ሜትር የሆነ የፖሊስተር ጥቅልል ደግሞ 16 ሙሉ ራኬት፣ ወይም ከ30 በላይ ግማሽ ራኬት ይወጥራል። ሁለትና ሦስት ሆነው ጥቅልል የሚገዙ ጓደኛሞች ብዙ ያተርፋሉ።

◆ በእስራኤል የቴኒስ ማዕከላት እንቅስቃሴ የተጀመረው በ1976 በራማት ሃሻሮን ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው የጥርስ ሐኪም ኢያን ፍሮማን ለዚህ ሥራው በ1989 የእስራኤልን ሽልማት አግኝቷል። ማዕከላቱ ሃይፋን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ተስፋፍተው ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦችን ልጆችም አስተምረዋል። ስደተኛ ልጅ በዚህ ጨዋታ ሩቅ እንደሚሄድ ምስክር አለ። በ2008 የአውስትራሊያ ኦፕንን በጥንድ ያሸነፉት ዮኒ ኤርሊችና አንዲ ራም፣ አንዱ ቦነስ አይረስ፣ ሌላው ሞንቴቪዴዮ የተወለዱ ናቸው።

◆ ልጆችን በተመለከተ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ሙሉ ፖሊስተር ለልጅ ክንድ አይሆንም። ፖሊስተር ከክሮች ሁሉ ድርቅ ካሉት ነው፤ ንዝረቱና ግጭቱ ወደ አንጓ፣ ወደ ክርንና ወደ ትከሻ ይሄዳል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ክር የመበጠስ ጉልበት የለውም፤ ኳሷን በፍጥነት አሽሮ የመምታት ጉልበትም ገና ነው። እንግዲህ የፖሊስተሩን ጥቅም ሳያገኝ ጉዳቱን ብቻ ይሸከማል። ናዳል ይጠቀምበታል ተብሎ ለልጅ የሚገዛ ክር ለናዳል ክንድ የተሠራ ነው። ለልጅ ለስላሳ ናይለን ወይም ብዙ ቀጫጭን ጭረት ያለው ክር ይበቃዋል። እያደገ ሄዶ በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ መበጠስ ሲጀምር፣ ያን ጊዜ ፖሊስተር በድሩ፣ ለስላሳው በማጉ ይሁን። ይህ ሃይብሪድ ወደ ፖሊስተር መሸጋገሪያ ድልድይ ነው፤ ብዙ ልጆች እዚያው ቢቀሩም ምንም አይጎድልባቸውም።

◆ ክርኑን የሚያመው ትልቅ ሰውም ቢሆን ከሐኪሙ ምክር ጎን ለጎን ክሩን ይመርምር። ፖሊስተሩን ማውጣት ካልፈለገ ወደ ማጉ ያሻግረውና ድሩን ለስላሳ ያድርገው። ውጥረቱንም ዝቅ ያድርግ።

◆ ፖሊስተር ከአንጀት ወይም ከናይለን ጋር ሲዋሃድ በአንድ ዓይነት ውጥረት አይወጠርም። ፖሊስተሩ ድርቅ ያለ ስለሆነ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ላላ ይደረጋል። ለምሳሌ አንጀቱ 25 ኪሎ ከሆነ ፖሊስተሩ 23 ወይም 24 ይሁን። በፓውንድ የሚያወሩ ካሉ አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ነው።

◆ የውጥረት ጣዕም ከሰው ሰው ይለያያል። ቢዮርን ቦርግ አንጀቱን እስከ 80 ፓውንድ፣ ማለትም እስከ 36 ኪሎ ድረስ ያስወጥር ነበር፤ ሌሊት በሆቴል ክፍሉ ውስጥ ክሮቹ በራሳቸው ሲበጠሱ ይሰማ እንደነበር ይነገራል። ፒት ሳምፕራስም ከ70 ፓውንድ በላይ ያስወጥር ነበር። ፈረንሳዊው አድሪያን ማናሪኖ ግን በ11 ወይም በ12 ኪሎ አካባቢ ተጫውቶ በዓለም ከ30ዎቹ ምርጦች ተርታ ገብቷል።

◆ አንዱ ቤት 24 ኪሎ የሚሉት ሌላው ቤት 24 ኪሎ አይደለም። ክር የሚወጥሩ ማሽኖች ይለያያሉ። በክብደት የሚስበው፣ በእጅ የሚዞረውና በኤሌክትሪክ ሳያቋርጥ የሚስበው በአንድ ቁጥር ላይ ቢቀመጡም የተለያየ ውጤት ይሰጣሉ። በእጅ የሚዞረው ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ቆልፎ ይቆማል፤ ክሩ ከዚያ በኋላ ትንሽ ይለቃል። ኤሌክትሪኩ ግን የለቀቀውን ያህል ተከትሎ ይስባል። ስለዚህ አንድ ወጣሪ ከለመዱ አይቀያይሩ።

◆ አንጀት ሲወጠር ችኮላ አይወድም። ክሩ ከተቆለመመ እዚያው ይሰነጠቃል። በድሩ መሐል ሲያልፍም ተፋትጎ እንዳይቃጠል ወጣሪው ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ ነው የሚስበው። ሁለት ዓይነት ክር ሲሆን ሁለት የተለያዩ ክሮች ስለሚቋጠሩ ቋጠሮው አራት ይሆናል። ቋጠሮዎቹን ይቁጠሩና ልቅ የሆነ ካለ እዚያው ቆመው ያሳዩ።

◆ አንድ ክር ሲበጠስ ቀሪውን ሳይውል ሳያድር ይቁረጡት። ግማሹ የተወጠረ ግማሹ የላላ ሆኖ ካደረ ክፈፉን ያጣምመዋል። አቆራረጡም ከመሐል ተነስቶ ድርና ማግን እያፈራረቀ ወደ ዳር ይሂድ።

◆ ክሩ መሐል የምትደረገው ትንሿ ጎማ ድምፁን ትለውጣለች እንጂ ክንድን አታድንም፣ ምቱንም አትለውጥም። ሕጉ ክሮቹ ከተጠላለፉበት ውጪ ብቻ እንድትሆን ያዛል። አጋሲ በእሷ ፋንታ ተራ የወረቀት ማሰሪያ ላስቲክ ነበር የሚያስረው።

◆ ታላላቆቹ በየኳስ ቅያሬው ራኬት ይቀይራሉ። በውድድር ኳስ የሚቀየረው መጀመሪያ ከ7 ጌም በኋላ፣ ከዚያ በየ9 ጌሙ ነው። ክሩ ባይበጠስም ውጥረቱ መውረዱን ያውቃሉ። ክር ማሽኑን ከለቀቀበት ደቂቃ ጀምሮ ይላላል፤ ከሁሉም ውጥረቱን አጥብቆ የሚይዘው አንጀት ነው፣ ቶሎ የሚለቀው ፖሊስተር ነው። በሃይብሪድ ላይ የዚህ ውጤት ይታያል። ከሳምንታት በኋላ አንጀቱ እንደነበረ ቆሞ ፖሊስተሩ ይሞታል፤ ራኬቱም የማያውቁት ሌላ ራኬት ይሆናል። ለአማተር የቆየው ልማድ በሳምንት የሚጫወቱትን ያህል ጊዜ በዓመት ማስወጠር ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የሚጫወት በዓመት ሦስት ጊዜ ያስወጥር። ፖሊስተር ካለበት ከዚያም ይብዛ።

◆ ጆሮም መለኪያ ነው። ክር በጠበቀ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል፣ በላላ ቁጥር ይወፍራል። በገና ወይም ክራር የሚቃኝ ሰው ይህን ለማወቅ ማሽን አያስፈልገውም። አዲስ የተወጠረ ራኬትዎን በጣትዎ መታ መታ አድርገው ድምፁን ይልመዱት፣ በየሁለት ሳምንቱም ያዳምጡት።

በሚቀጥለው ጊዜ ወጣሪ ዘንድ ሲሄዱ «እንደነበረው አድርግልኝ» ብለው አይመለሱ። በድሩ ምን ክር እንደገባ፣ በማጉ ምን እንደገባ፣ እያንዳንዱ በስንት ኪሎ እንደተወጠረና በየትኛው ቀን እንደተሠራ በትንሽ ወረቀት አስጽፈው የራኬቱ ጉሮሮ ላይ ይለጥፉ። ራኬቱ የልጅዎ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን ለአሠልጣኙም ያሳዩ።